ያልተዘጋጀው ስብሰባው ነው

ማዕከላዊ ገበያ ያለውን ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ከወደብ ሥራ ወጥታችሁ፣ በዚህ ወበቅ ስለ አንዲት የፈረንጅ ቃል ልትሰሙ በመምጣታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እንደምታዩት ወረቀት ይዣለሁ። ንግግሬ ደግሞ ያለ ወረቀት ስለሚደረግ ንግግር ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ማታ ማታ ስጽፈው ስቄበታለሁ።

ቃሏ «ኢምፕሮምፕቱ» ናት። ለምን ይህችን መረጥክ ትሉኝ እንደሆነ፣ ዕዳ አለብኝ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት ስልክ ደወለልኝ። ድሬዳዋ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረ፣ ዛሬ እዚሁ ጅቡቲ ትራንዚተር ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ኢምፕሮምፕቱ ስብሰባ አለ የሚል መልእክት ደረሰኝ፤ ምን ማለት ነው?» አለኝ። እኔ መንገድ እየተሻገርኩ ነበር፣ ጥሩምባው ጆሮ ይበጥሳል፤ «ያለ ዝግጅት የሚደረግ ማለት ነው» ብዬ ዘጋሁት። ልጁም ሰምቶኝ ባዶ እጁን ገባ። አለቃው ገና ከመቀመጣቸው የትኛው ኮንቴይነር ከወደብ እንዳልወጣ፣ የማን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እንደተያዘ፣ የመዘግየት ክፍያው፣ ዲመሬጁ፣ የሚቆጥርበት ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ጠየቁት። «ስብሰባው ያለ ዝግጅት ስለሆነ አልያዝኩም» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወጣ። ማታ ደውሎ ሲነግረኝ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ያ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ያለ ቅድመ ዝግጅት» የሚል ታገኛላችሁ። ግን ያልተዘጋጀው ማን ነው? ያልተዘጋጀው ስብሰባው ነው። አጀንዳ አልተላከም፣ ቀኑ ቀድሞ አልተቆረጠም፣ ወንበር አልተደረደረም። ሰውየው አልተዘጋጀም የሚል ነገር ግን በቃሏ ውስጥ የለም። እንዲያውም ሥሯን ብንቆፍር ተቃራኒውን እናገኛለን።

ሥሯ ላቲን ነው፤ «ኢን ፕሮምፕቱ» ከሚል ሐረግ የመጣች ናት። «ፕሮምፕቱ» የሚለው «ፕሮሜሬ» ከሚል ግስ ይወጣል፤ አውጥቶ ማቅረብ ማለት ነው። ሮማውያን በቤታቸው «ፕሮሙስ» የሚሉት አንድ አሽከር ነበራቸው፤ የጓዳ ኃላፊ፣ ወይኑንና እህሉን ከጎተራ አውጥቶ የሚያቀርበው። ስለዚህ «ኢን ፕሮምፕቱ» ያለው ነገር ከጎተራ የወጣ፣ ለእጅ የቀረበ ነው። እኛ «እጄ ላይ አለ» እንደምንለው። ቲያትር ቤት ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ለተዋናዩ የረሳውን የሚያንሾካሹክለት ሰው በእንግሊዝኛ የሚጠራው ከዚሁ ሥር በወጣ ስም ነው።

ታዲያ «ዝግጁ» የሚል ቃል እንዴት «ያልተዘጋጀ» ሆነ? ሰዎችን የምታሳስተው መነሻዋ ላይ ያለችው «ኢም» ትመስለኛለች። በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለች መነሻ የኛን «አል...ም» ትሠራለች፤ የሚቻለውን የማይቻል፣ የበሰለውን ያልበሰለ ታደርጋለች። እዚህ ግን «በ» ወይም «ውስጥ» ማለት ብቻ ናት። በኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ ወጥመድ አለ። «አልበላም» ውስጥ ያለው «አል» አሉታ ነው፤ «አልጋ» ውስጥ ያለው «አል» ግን አሉታ አይደለም፣ «አልማዝ»ም ያልሆነ ነገር ስም አይደለም። አንድ አማርኛ ለማጅ «አልጫ» ሲባል ሰምቶ «ጫ ያልሆነ ወጥ» ብሎ ቢተረጉም ስንስቅበት እንውላለን። «ኢምፕሮምፕቱ»ን «ዝግጅት አልባ» የሚል ሰው ከዚህ ለማጅ ብዙም አይርቅም፤ እኔን ጨምሮ።

ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባች። እዚህ ከተማ የፈረንሳይኛ ጆሮ ያላችሁ ብዙ ናችሁና የሞልየርን ነገር ባነሣ አላሰለቻችሁም። እ.ኤ.አ. በ1663 ሞልየር «የቬርሳይ ኢምፕሮምፕቱ» የሚል አጭር ተውኔት ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ አቀረበ። ታሪኩ የአንድ ቲያትር ቡድን ልምምድ ነው። ተዋናዮቹ ቃለ ተውኔታቸውን አላጠኑም፤ ንጉሡ ሊደርሱ ነው፤ አንዱ ያማርራል፣ ሌላዋ አልችልም ትላለች፣ ራሱ ሞልየር በመካከላቸው ይሯሯጣል። ሁሉም ነገር በድንገት የተከሰተ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ «ምን እላለሁ ጠፋብኝ» የሚል ቃል አስቀድሞ በቀለም ተጽፎ የተጠና ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሹበርትም በ1827 የጻፋቸው የፒያኖ ሥራዎች «ኢምፕሮምፕቱ» በሚል ስም ይታወቃሉ፤ ኖታቸው ከዳር እስከ ዳር ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ለጣት ጨዋታ የተተወ ቦታ የለም። ከጥንት ጀምሮ ይህች ቃል ሳትዘጋጅ የምትመጣ መስላ ተኩላ የምትወጣ ሙሽራ ናት።

ዘመዶቿንም ቶሎ ብዬ ላስተዋውቃችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ያምታታቸዋል። «ኢምፕሮቫይዝ» እውነተኛውን አሉታ የያዘች ናት፤ ሥሯ «አስቀድሞ ያልታየ» ነው። ጎማ ፈንድቶ ሾፌሩ በገመድና በላስቲክ ሲጠጋግን ያ ኢምፕሮቫይዝ ነው። «አድ ሊብ» በላቲን «እንደ ወደድክ» ማለት ነው፤ ተዋናዩ ከጽሑፉ ወጥቶ ከራሱ ሲጨምር ይባላል። «ኤክስቴምፖሬ» ደግሞ «ከጊዜው የወጣ» ናት። በአሜሪካ የንግግር ትምህርት ግን ከእሷ የወጣው ቅጽል ጠባብ ትርጉም ይዟል፤ ተናጋሪው አስቀድሞ አጥንቶ፣ ነጥቦቹን ብቻ ጨብጦ፣ ዓረፍተ ነገሩን እዚያው መድረክ ላይ የሚሠራበት ንግግር ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ተማሪውን «ኢምፕሮምፕቱ» ብለው ሲያስነሡት ርዕሱን ያኔ ይሰጡታል፤ በሌላኛው ቃል ሲያስነሡት ትናንት ሰጥተውታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ይህን ልዩነት ያልነገራችሁ መምህር ካለ ዛሬ ተካክሷል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ቃል የለውም ይባላል። ሁለት ነው ያለው፤ ሁለቱም ጎራ ለይተዋል። አንዱ «አፉ እንዳመጣለት ተናገረ» የሚለው ነው፤ ስድብ ነው። ሌላው «ቅኔ ዘረፈ» የሚለው ነው፤ ትልቅ ክብር ነው። ሁለቱም ሰዎች ወረቀት አልያዙም። ሁለቱም ያንኑ ደቂቃ ነው የተናገሩት። ለአንዱ አፉ አመጣለት፣ ሌላው ዘረፈ።

ዘረፋውን ቀረብ ብለን እንየው። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ዋድላ የቅኔ ተማሪ ማለዳ ደበሎውን ለብሶ ከጎጆው ይወጣል። ወይ ዛፍ ሥር፣ ወይ ገደል አፋፍ ላይ ለብቻው ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። ቆጠራ የሚሉት ይህን ነው፤ የግእዙን ግስ እያገላበጠ፣ ቃል ከቃል እያጋጠመ፣ ሰሙን ከወርቁ እያዋደደ ይውላል። በዚያ የሚያልፍ እረኛ ልጁ ያበደ ይመስለዋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ይቆጥራል፣ አይኑ የትም የለም። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል፤ ይህ ነገራ ነው። የኔታ አገባቡ የተሳሳተውን፣ ቤቱ የሳተውን፣ ምሥጢሩ የላላውን እየጠቀሱ ያርሙታል። ነገም እንደዚሁ። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ዓመታት ይፈጃል፣ የሚበላውም ለምኖ ያገኘው ቁራሽ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ክብረ በዓል ላይ «ቅኔ ይሁንለት» ይባላል። የትናንቱን አምጥቶ ማለት ነውር ነው፤ የተሰማ ቅኔ አይደገምም። እዚያው፣ ሕዝቡ ፊት፣ ለዕለቱ በዓል የሚስማማ፣ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ይዘርፋል። ዘረፋ ለሽፍታም ለሊቅም የምንሰጠው አንድ ቃል መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሽፍታው የሰው ጎተራ ይዘርፋል። ሊቁ ማንን እንደዘረፈ ብትጠይቁኝ፣ በዛፍ ሥር ሲያጠራቅም የኖረውን የራሱን ጎተራ ነው። የሮማው ጓዳ ኃላፊ ዋሸራ ቢሄድ ሥራውን ባልሳተው ነበር።

አዝማሪውም ከዚህ ወገን ነው፣ ምንም እንኳ የቅኔ መምህራን ይህን ንጽጽር ባይወዱልኝ። ጠጅ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በማሲንቆ እያጀበ ይመልሳል፣ ቀጥሎ ከራሱ ይጨምራል። የተቀመጠውን ሰው ጫማ፣ የጎረቤቱን ዝምታ፣ የደረሰውን ወሬ በአንድ ዓይን ይሰበስባል። የጥንቱ ችሎት ላይም በላ ልበልሃ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አጣፍተው፣ በማር በፈረስ እየተወራረዱ፣ ክርክሩን ቤት እየመታ በሚሄድ ንግግር ያወርዱት ነበር። ዱላ እንኳ አንድ ቦታ የሚያርፈው ክንድ ሲለምደው ነው፤ ምላስማ።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግን ዋሽንግተን ላይ፣ ሊንከን መታሰቢያ ፊት፣ 250,000 ገደማ ሕዝብ ይጠብቀው ነበር። የተዘጋጀ ጽሑፍ ይዞ ቆመ፣ ማንበብም ጀመረ። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ከጀርባው የነበረችው ዘማሪት ማሄሊያ ጃክሰን ስለ ሕልሙ እንዲነግራቸው ጮኻ አሳሰበችው። ጽሑፉን ወደ ጎን አደረገ። ዓለም ዛሬ የሚያስታውሰው የሕልሙ ክፍል በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ታዲያ ይህ ተአምር ነው? ያንን ሕልም ከወራት በፊት፣ በ1962 መጨረሻ፣ ሮኪ ማውንት በምትባል ትንሽ ከተማ አሰምቶት ነበር፤ በጁን 1963 ዲትሮይት ላይም ደግሞት ነበር። ከዚያም ሌላ የሰባኪ ልጅ ነው፣ ራሱም ሰባኪ ነው፤ በየሰንበቱ ነገራ ሲያቀርብ የኖረ። ማሄሊያ «ተቀበል» አለችው፣ ተቀበለ።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር ያለ ወረቀት መናገር ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ባቡር ጣቢያውና ወደቡ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው በባቡር የመጡት ወደዚህ ነው፤ ከዚህ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙት የተጻፈ ንግግር ይዘው ነው፤ በአማርኛ። ገና ሊጀምሩ ሲሉ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይኛው ሰገነት በፉጨትና በጩኸት አቋረጡዋቸው። የሩማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኩ ተነሥተው አረመኔዎቹን አስወጡ ብለው ጮኹ። ንጉሠ ነገሥቱ ጋዜጠኞቹ ተጎትተው እስኪወጡ ዝም ብለው ቆሙ። ለፉጨቱ ምላሽ አላዘጋጁም ነበር፤ ምላሽም አልሰጡም። ጸጥታ ሲሆን ወረቀታቸውን ማንበብ ጀመሩ። የአገር ክስ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ መግባት ነበረበት። ኢምፕሮምፕቱው የነበረው ያ ዝምታ ነው ብል የሚከሰኝ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ራሴ ሳልናገር ብወርድ ደግሞ ያ ተማሪዬ ይታዘበኛል። ወጣት መምህር ሳለሁ፣ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ጡረታ ሲወጡ ሽኝት ተደረገላቸው። እኔ ከበስተኋላ ድፎ ዳቦዬን እየቆረስኩ ነበር። መድረክ መሪው ድንገት «አሁን ወጣቱ መምህር ሁለት ቃል ይሉልናል» አለ። አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። ተነሣሁ። እ... አልኩ። ከሳቸው ጋር አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለ ኑሯቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ለምን መምህር እንደሆኑ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ስለዚህ ከጎተራ የማወጣው አጣሁና ሰው ሁሉ ለሹመት የሚለውን አልኩ፤ «በሚቀጥለው ሥራዎም ከዚህ የበለጠ እድገት እመኝልዎታለሁ።» ጡረታ ለሚወጡ ሰው። እሳቸው ግን ጨዋ ነበሩ፣ «አሜን ልጄ» አሉ። ዛሬም ድፎ ዳቦ ሳይ ጆሮዬ ይሞቃል።

ቃሏን እንግዲህ የት እንደምታስገቧት ልንገራችሁ። ሰው ሊያቅደው ይችል ለነበረ ነገር ትሆናለች፤ ለንግግር፣ ለስብሰባ፣ ለጉብኝት፣ ለድግስ። ጓደኞች ሥራ ጨርሰው ሳይቀጣጠሩ ባሕር ዳር ቢሰባሰቡና ምግብ ቢያስመጡ ኢምፕሮምፕቱ ግብዣ ነው። ድንገት ለጣለ ዝናብ ግን አትሆንም፣ ለመኪና አደጋም አትሆንም፤ የሰው እጅ ያልመረጠው ነገር ኢምፕሮምፕቱ አይባልም። ለተዝረከረከ ሥራም አትዋልልኝ። ፈተና ሳያጠና የገባ ተማሪ ኢምፕሮምፕቱ ተፈታኝ አይደለም፤ ያላጠና ተማሪ ነው። እና አለቃ «ኢምፕሮምፕቱ» ሲላችሁ ተርጉሙት፦ «ቀጠሮ አልሰጠሁህም፤ ያለህን ይዘህ ና።»

ልጨርስ ነው። ይህን ንግግር ስጽፍ የምሄድበት ቦታ ነበረኝ፤ ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ አጠገብ፣ የሐሙዲ መስጊድ ሚናራ ከሚታይበት ወዲህ፣ ገበያው ውስጥ። አትክልት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ የኛው አገር ሰው፣ ከድሬ የመጡ። እንዳያፍሩብኝ ስማቸውን አልጠራም፤ ምናልባትም እዚህ ተቀምጠው ይሆናል። አንድ ረፋድ ጥግ ይዤ ቆሜ አየኋቸው። አንድ ፈረንሳዊ ወጣት መጣ፤ ዋጋውን በፈረንሳይኛ ነገሩት፣ ሲያቅማማ አልቀነሱም፣ አንድ ሎሚ ጨመሩለት። ቀጥላ አንዲት የሶማሌ ሴት መጣች፤ በሶማሊኛ ስለ እናቷ ጠየቋት፣ ከዚያ ስለ ቲማቲሙ ስትከራከራቸው ሃያ ፍራንክ ወረዱ። ቀጥሎ የሆቴል ሠራተኛ መጣ፤ ገና አፉን ሳይከፍት ሙሉ ሳጥኑን ገፉለት፣ ግማሽ ሊባል በሚችል ዋጋ «ሁሉንም ውሰድ» አሉት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት ዋጋ፤ አንዴም አላሰቡም።

ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚመልሱ እንዴት ይመጣልዎታል?» አልኳቸው።

«ምን ይመጣልኛል መምህር» አሉኝ፣ ሳጥኑን በእርጥብ ጆንያ እየሸፈኑ። «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪናው ሲያራግፍ አንድ በአንድ እጨብጣቸዋለሁ። ይሄ ለዛሬ ነው፣ ይሄ ያድራል፣ ይሄ ከቀትር አያልፍም እላለሁ። ከዚያ ማንም ይምጣ።»

«የሆቴሉ ልጅ የወሰደውስ?»

«እሱ ከቀትር የማያልፈው ነው። ድልህ ይሠሩበታል፣ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። ሰዓቱን አየህ? አምስት ሰዓት ሆኗል» አሉና አንዱን ቲማቲም አንሥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። «ጨብጠው እስቲ።»

ጨበጥኩት። ለእኔ ቲማቲም ነበር።